ፊሽካ የማያስቆመው ሻምበል

ከታቦር ተራራ እስከ ቡሹሎ በፈረስ እንደ እኔ ፈጥኖ የደረሰ ሰው በሐዋሳ ምድር አልተወለደም። የሐይቁን ዳር ሰንጥቄ፣ ውሃው እስከ ወገቤ እየተረጨ፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ መረባቸውን ጥለው እያጨበጨቡልኝ ነው የሄድኩት። ይህን ታሪክ ለሚስቴ፣ ለልጆቼ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለማላውቀው የባጃጅ ሾፌር ነግሬያለሁ። ሾፌሩ ብቻ በመስታወቱ አየት አደረገኝና "ጋሼ፣ ልጓሙን በየትኛው እጅዎ ነበር የያዙት?" አለኝ። እንግዲህ እውነቱን ካነሳን፣ ልጓም አልያዝኩም። ጋማውን በሁለት እጄ ጨምድጄ፣ በሆዴ ተለጥፌ፣ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹን በምን እንዳየኋቸው ባለመጠየቁ አመሰግነዋለሁ።

የዛሬን አያድርገውና፣ ልጅ እያለሁ ሐዋሳ የጋሪ ከተማ ነበረች። መናኸሪያ የወረደ እንግዳ ሻንጣውን ጭኖ ሰፈሩ የሚደርሰው በጋሪ ነበር። ጠዋት ጠዋት መንገዱ የፈረስ ላብና የእርጥብ ሣር ሽታ ነበረው፤ ያ ሽታ ዛሬም ድንገት ሲመጣብኝ ትምህርት ቤት የረፈደብኝ ይመስለኛል። አጎቴ ሌዳሞ ከእኛ ጋር የሚኖር ጋሪ ነጂ ነበር። ፈረሱ ሲሞትበት፣ አዲስ አበባ ውድድር ሲሮጥ ኖሮ ዕድሜው ስለገፋ የተሸጠ አንድ ዳማ ፈረስ ገዝቶ መጣ። ስሙ ሻምበል ነው ተባልን። አንገቱን ቀጥ አድርጎ ሲራመድ የጡረታ ደብተሩን ይዞ የሚሄድ መኮንን ይመስል ስለነበር ሰፈሩ በአንድ ቀን "ጡረተኛው" አለው።

ሻጩ ያልነገረን ነገር ነበር። ሻምበል በሮጠባቸው ውድድሮች ሩጫው የሚጀመረው በፊሽካ፣ የሚያበቃው ነጭ ጨርቅ ሲውለበለብ ነው። በሕይወቱ የተማረው እነዚህን ሁለት ነገሮች ብቻ ነበር፤ እነሱን ግን አጥንቷቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት መስቀለኛው መንገድ ላይ ትራፊኩ ፊሽካውን ነፋ። ጋሪው ሁሉ ቆመ። ሻምበል ተነሳ። ከኋላ የተሳፈሩት ወንጌላዊ ባርኔጣቸው እዚያው ቀረ፤ እሳቸው ገበያው መሐል ደረሱ። ፈረሱ አንድ ነጭ አንሶላ የሰቀለ ነጋዴ ፊት ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመና አንገቱን ዘርግቶ ሽልማቱን ጠበቀ።

ወንጌላዊው ቀስ ብለው ወረዱ። "ልጄ ሌዳሞ" አሉት፣ "ሠላሳ ዓመት ጸልያለሁ፤ እንደ ዛሬ ከልቤ ጸልዬ አላውቅም።"

ትራፊኩ እያለከለከ ደረሰ። "ፊሽካ አልሰማህም አንተ?"

"እኔስ ሰምቼ ነበር" አለ አጎቴ፤ "እሱ ግን ከእኔ አብልጦ ሰማ።"

ከሦስተኛው እንዲህ ዓይነት ጉዞ በኋላ (ያን ቀን የተጫነው እንቁላል ነበር) በጋሪው የሚሳፈር ሰው ጠፋ። ሥራ የፈታ የጋሪ ፈረስ መጨረሻው ምን እንደሆነ ደግሞ የሐዋሳ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ከከተማው ጫፍ ወስደው ይለቁታል፤ የቀረውን ጅብ ይጨርሰዋል። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሳይሠራ የሚበላ ፈረስ ለመቀለብ ግን አቅም አልነበረውም። "ቅዳሜ እወስደዋለሁ" አለ። የት እንደሆነ አልተናገረም። እኔ ከራቴ ዳቦ ግማሹን በኪሴ ደብቄ ለሻምበል አበላው ነበር፤ ለስላሳ ከንፈሩ መዳፌን ሲዳስሰኝ እስካሁን ይሰማኛል። በዚያ ሳምንት ዳቦውን ሙሉውን ሰጠሁት።

ዓርብ ዕለት አቶ ሀሜሶ ቤታችን መጡ። ቡሹሎ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለትም ቁስል አሳሪና መርፌ ወጊ፣ የነበሩ የአባቴ ወዳጅ ናቸው። ክትባት በበረዶ ሳጥን ይዘው ራቅ ወዳሉት መንደሮች ሲሄዱ፣ በቅሏቸው እያዘገመች በረዶው መንገድ ላይ ይቀልጣል፤ መድኃኒቱ ይበላሻል፤ እናቶች ልጆቻቸውን እንደታቀፉ ይመለሳሉ። ይህን ሲያወሩ ከጥግ ብድግ አልኩና "ሻምበልን ይውሰዱት" አልኩ።

አጎቴ ሳቀ። "አይሞኙ አቶ ሀሜሶ። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባላል፤ ይሄኛው ግን የት እንደሚያደርስ አይታወቅም። ደግሞም ሰው በጀርባው ከተሸከመ ቆይቷል።"

"ሌላ ሰው ሳይወጣበት እኔ አልወጣበትም" አሉ አቶ ሀሜሶ። "የስድስት ልጆች አባት ነኝ።"

"እኔ በየቀኑ እጋልበዋለሁ" አልኩ። አንድም ቀን ወጥቼበት አላውቅም ነበር። አጎቴ ረጅም ጊዜ አየኝና "እንግዲያው ነገ ጠዋት ሜዳ ላይ እናይሃለን" አለ።

በማግስቱ ከታቦር ሥር ባለው ሜዳ አጎቴ አንስቶ ጀርባው ላይ አስቀመጠኝ። ሻምበል እንደ ሶፋ ረግቶ ቆመ። "ይኸው" ልል አፌን ስከፍት፣ በሜዳው ወዲያኛው ጫፍ ኳስ የሚያጫውተው ሰውዬ ፊሽካውን ነፋ።

ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ነፋስ ብቻ ነው። ዓይኔን ስገልጥ ፈረሱ ቆሟል፤ ፊት ለፊታችን የቡሹሎ ጤና ጣቢያ አጥር ላይ የታጠቡ ነጫጭ አንሶላዎች ተሰጥተዋል። ሻምበል አንገቱን ዘርግቶ ሽልማቱን ይጠብቃል። አቶ ሀሜሶና አጎቴ በሰው ጋሪ ተከትለውን ሲደርሱ የፈረሱ ላብ ደርቆ ነበር። አቶ ሀሜሶ ፈረሱን አዩ፣ አንሶላውን አዩ። "በረዶው አይቀልጥም" አሉ። ቀጥሎ እኔን አዩኝ።

"ሐይቁን ስናቋርጥ ነው የረጠብኩት" አልኳቸው።

"አዎ፣ ዘንድሮ ሐይቁ ሞልቷል" አሉና ከአጥሩ አንድ አንሶላ አውርደው ጠቀለሉኝ።

ሻምበል ቡሹሎ ውስጥ ረጅም ዕድሜ ኖረ። አቶ ሀሜሶ አንገታቸው ላይ ፊሽካ አንጠለጠሉ፤ ያልተከተበ ልጅ ያላት እናት ደግሞ ነጠላዋን ደጅ ወጥታ ታውለበልባለች፤ እሱም ደጇ ላይ ይቆማል። ዛሬ ክትባቱ በሞተር ሳይክል ይሄዳል፤ አስፋልቱ የባጃጅ ሆኗል። ከከተማው ጫፍ ጉልበታቸው ያበጠ የጋሪ ፈረሶች መንገድ ዳር ቆመው ሳይ፣ ለእነሱ የሚሆን ፊሽካ የት ጠፋ እላለሁ። ቡሹሎ ውስጥ ክንዱ ላይ የክትባት ጠባሳ ያለበት የእኔ ዕድሜ ሰው ባየሁ ቁጥር ግን ደረቴ ይነፋል፤ ግማሹን እኔ የወጋሁት ይመስለኛል።

ሐይቁን በተመለከተ፣ ያን ቀን በአጠገቡም አላለፍንም። ሱሪዬን ያረጠብኩት ራሴ ነኝ። እሱም መንገድ ላይ አይደለም፤ ገና ፊሽካው እንደተነፋ ነው።