የሸንበቆዋ ማርያም ምስክር

እማማ የሺሐረግ በሸንበቆዋ ማርያም ደጅ ሃያ ስድስት ዓመት ጧፍ ሸጠዋል። ከቃሊቲ ማረሚያ ቤት ጥየቃ የሚመለሱ እናቶችም ሆኑ ወደ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሄዱ ልጃገረዶች እሳቸውን ሰላም ሳይሉ አያልፉም፤ የደብሩ ታሪክ የሚጀምረው በእሳቸው ልጅ ነውና። በየዓመቱ የግንቦት ልደታ ታሪኩ ተነቦ ሲያበቃ ማይክ ይሰጧቸዋል። «ልጄ ሩት እዚህ ተጠምቃ ድናለች» ይላሉ። ግቢው በእልልታ ይናጋል።

ሩት ግን አልዳነችም።

ያኔ ከአቃቂ ወንዝ ዳር፣ ሸንበቆው መሃል፣ አንዲት ምንጭና አንድ መነኩሴ እንጂ ቤተ ክርስቲያን አልነበረም። ልጅቷ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ በተጠመቀች በሦስተኛው ቀን እናቷ እቅፍ ውስጥ አረፈች። አባቷ አሻግሬ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለ ነበር ያን ጊዜ ድሬዳዋ ነበር። የሺሐረግና መነኩሴው ከምንጯ አጠገብ ካለች አንዲት ወይራ ሥር ቀበሯት። ማተቧ ላይ አባቷ ከመሥሪያ ቤት ካቦርቱ በጥሶ ያሰረላት፣ የባቡር ምልክት ያለበት የነሐስ ቁልፍ ነበር፤ እሱም አብሯት ገባ።

አፈሩ ሳይደርቅ አስካለች የምትባል ሴት የሚንቀጠቀጥ ልጇን አዝላ መጣች። «ያንቺዋ ዳነችልሽ?» ብላ ጠየቀች። የሺሐረግ የሴትዮዋን ዓይን አየች። «ድናለች፣ ቤት ናት» አለቻት።

የአስካለች ልጅ በሳምንቱ ተነሥቶ ሮጠ። ከዚያ ወዲያ ማን ይመልሰው? ወሬው አቃቂ በሰቃን አዳርሶ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ያመጣ ጀመር። መነኩሴው ዝም እንዳሉ ሞቱ፤ አሻግሬም ግቢውን እንደ ሸሸ ሞተ። ሰው ሲጠይቅ መልስ ያስፈልጋልና ሩት በእናቷ አፍ አደገች፣ አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፣ ኩዌት ሄደች።

ዘንድሮ አዲስ የጸበል ቤት ሊሠራ ስካቫተር ወይራዋ ዘንድ ቆመ። እማማ ወደ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ወደ አቶ ዘካሪያስ እየተደናበሩ ሄዱ።

«ዘካሪያስ ልጄ፣ ያቺን ቦታ ተዉልኝ። ልጄ እዚያ ናት።»

«የትኛዋ ልጅዎ?»

«ሩት።»

«ኩዌት ያለችው?» ብሎ ሳቀ። ፊታቸውን ሲያይ ሳቁን አቆመና በሩን ዘጋ። «እማማ፣ ሃያ ስድስት ዓመት በእመቤታችን ስም ሲዋሹ ኖረዋል ማለት ነው? ይህን ለሕዝቡ ይናገራሉ? ያቺን የሚያድሩባትን ክፍልስ ማን የሰጠዎት ይመስልዎታል? አርጅተዋል፣ ሄደው ይረፉ።»

በማግስቱ የስካቫተሩ ነጂ ኩምሳ ሞተሩን አጠፋ። ከአካፋው ጥርስ ሥር ትንንሽ አጥንቶችና አንድ አረንጓዴ የሆነ ክብ ነገር ወጡ። እስከ እኩለ ቀን አጥንቶቹ «የሕፃን ሰማዕት አጽም»፣ የአሻግሬ ቁልፍ ደግሞ «ጥንታዊ ማኅተም» ሆነው አረፉት። አንድ ሰው በነጠላው ጫፍ ቢወለውለው የባቡሩ ምልክት ብቅ ይል ነበር፤ የሚወለውል ጠፋ። በቀይ ከፋይ ጨርቅ ጠቅልሎ ሣጥን ውስጥ ያስቀመጠው ዘካሪያስ ራሱ ነው። የማን አጥንት እንደሆነ ደግሞ አሳምሮ ያውቃል። እንዲህ ያለ ሰው በየደጀ ሰላሙ አይጠፋም፤ እግዜር ይይለት!

ልደታ ደረሰ። ሣጥኑ ጠረጴዛ ላይ ሆኖ ማይኩን ለእማማ ሰጧቸው። ሌሊቱን ሙሉ ያጠኑት አንድ ነገር ነው፦ «ይቺ የኔ ናት፣ ስጡኝና ልቅበራት።» አፋቸውን ከፈቱ። ፊት ለፊታቸው አንዲት ወጣት የሚንቀጠቀጥ ልጅ ታቅፋ፣ ዓይኗን ሳትነቅል አፍ አፋቸውን ታያለች።

«ልጄ ድናለች» አሉ እማማ።

እልልታው ሲበርድ ሰዉ አጽሙን ሊሳለም ተሰለፈ። እሳቸውም ከኋላ ተሰለፉ። ተራቸው ደርሶ ከፋዩን በሁለት እጃቸው ሲይዙት አስተናባሪው ወጣት ክርናቸውን ነካ አደረጋቸው።

«እማማ፣ ነክተው ይለፉ። ሰው እየጠበቀ ነው።»

ነክተው አለፉ።