ለአምባዛ የተቆረጠ ቆሮሶ

እልኸኛ ነኝ። እናቴ በልጅነቴ "ይኼን ልጅ ምን ያለ ቀን ወለድኩት" ትል ነበር፤ አልፈርድባትም። ይህን የምጽፈው ግን እልኼን ለማሞገስ አይደለም። አንድ ጊዜ ከአፌ ያመለጠች ቃል ሦስት እሑድ ሐይቅ ዳር ስላስቀመጠችኝ ነው።

ከአብዮቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ሐረር ግንብ ውስጥ፣ የስፌት መኪኖች ጫጫታ "መኪና ግርግር" ባሰኘው መንገድ፣ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ሱቁን የምጋራቸው አንድ የሐረር ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ኮፊያ ይሰፋሉ፣ እኔ ሱሪና ኮት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ በር ገብተን በአንድ በር ወጥተናል። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሳቸው እስላም። "አባ" እላቸዋለሁ፤ እሳቸው "ልጄ" ይሉኛል፣ ሲቆጡ ግን "አንተ ሰውዬ" ነው።

ያን ዓመት አባ ሐጅ ሊሄዱ ተነሡ። ከድሬዳዋ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት የሚያውቀውን ሁሉ እየዞረ "አውፍ በለኝ" ይላል፤ ይቅር በለኝ ማለት ነው። በሰው ልብ ውስጥ ቂም ትተው መሄድ ለእሳቸው ሻንጣ ረስቶ ከመሄድ የባሰ ነበር። ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ ጊደር መጋላ ገበያ ያሉትን ነጋዴዎች ሁሉ አዳርሰው በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሩ። መቀሳቸውን አስቀመጡ።

"ልጄ፣ አውፍ በለኝ። በማውቀውም በማላውቀውም።"

"ብያለሁ" ብዬ ብገላገል ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ። ነገር ግን ሆዴ ውስጥ የቆየ ነገር ነበረኝ። ከወር በፊት የልጃቸው ሠርግ ላይ ተጠርቼ ነበር። እንደ ወጉ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ ፍየል ተገዝቶ፣ ክርስቲያን አራጅ መጥቶ፣ በሌላ ክፍል ተሰናድቶልናል። የተጠራነው ሦስት ነበርን፤ ሁለቱ ቀሩ። እኔ ከዚያኛው ክፍል ሳቁን እየሰማሁ ከአንድ ሙሉ ፍየል ጋር ብቻዬን ተፋጠጥኩ። ማንም አልበደለኝም። የእኔም ሃይማኖት የእሳቸውም ሃይማኖት ያለው ነው። ቢሆንም ከፍቶኝ ነበር።

"አልልም" አልኳቸው።

"ምን አልክ?"

"አልልም። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብረን ስንኖር ከአንድ ሳህን ሥጋ በልተን አናውቅም። የበላን ቀን እላለሁ።"

ግማሹ ቀልድ ነበር፣ ግማሹ ግን አልነበረም። እሳቸው እንደ ሙሉ ቃል ወሰዱት። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ኮፊያቸው ላይ እንዳቀረቀሩ ሰፉ፤ እኔም ቃሌን ለማንሳት አፌ እምቢ አለኝ። ሱቁን ልንዘጋ ስንል ብቻ ቀና ብለው "ዓሣ" አሉ።

ወዲያው ገባኝ። ዓሣ አይታረድም። ቢላ ስለሌለበት የማን ቢላ ነው የሚባል ጥያቄም የለበትም።

"እናንተ ትበላላችሁ?" አሉኝ።

"እንበላለን። ታዲያ ሰርዲን ልግዛ?"

"አንተ ሰውዬ፣ እኔ ቆርቆሮ ከፍቼ ነው አውፍ የምባለው?" ተቆጡ። በወጣትነታቸው ኤደን ወደብ ላይ ሠርተዋል፣ ዓሣ ማጥመድ ያውቃሉ። "ዓለማያ ሐይቅ ውስጥ አምባዛ አለ። ጢም ያለው፣ ሳህን የሚሞላ። እኛው እንይዘዋለን፣ ኢንሻአላህ።"

የሚሄዱት ረቡዕ ነው። እስከዚያ ሦስት እሑድ ነበረን።

በመጀመሪያው እሑድ በአውቶቡስ ሄድን። መንጠቆውን እኔ ራሴ ሠርቼዋለሁ። የጆንያ መርፌ ከሰል ላይ አግዬ፣ በጉጠት አጥፌ፣ ተደስቼበታለሁ። አባ አገላብጠው አይተው "መርፌ የተሠራው ለጨርቅ ነው" አሉ። ልብስ ሰፊ ስለ መርፌ ምክር አይቀበልም፤ ክሩን አሰርኩበት።

ሐይቁ ዳር ተቀምጠን መንጠቆው ላይ የሚሰካውን አወጣን። እኔ በወረቀት የጠቀለልኩት ሳንባ ነበር።

"ከየት ነው?" አሉ።

"ከእኛ ሉካንዳ። የእርስዎስ?"

"ግመል።"

ተያየን። የግመል ሥጋ በእኛ ቤት በር አይገባም። አባ ጢማቸውን እያሹ ጠየቁ፦ "ዓሣው ያንተን ሳንባ ውጦ ሆዱ ውስጥ ይዞት ቢወጣ፣ እኔ እሱን ስበላ ምን በላሁ ይባላል?"

"እኔስ የእርስዎን ግመል የዋጠውን ስበላ?"

በአካባቢው የምንጠይቀው ቄስም ሼኽም አልነበረም። አንዳችንም ደግሞ ነገሩን በሳቅ የምናልፍ ሰዎች አልነበርንም። ሁለቱንም ጥቅል ለአንድ የገበሬ ውሻ ጣልንለት። ውሻው ሁለቱንም አንድ ላይ በላ፣ ማንንም አልጠየቀም።

ከዚያ አባ መፍትሔውን አገኙ። በቀጭን መርፌ ላይ ሊጥ ሰክተን መጀመሪያ ቆሮሶ እንይዛለን። ቆሮሶ ሐይቁ ዳር የሚርመሰመስ ትንሽ ዓሣ ነው። እሱን ቆርጠን ለአምባዛው እንሰጣለን። ዓሣ ዓሣ በላ፣ አለቀ። በዚያው ከሰዓት ሁለት ቆሮሶ ያዝን፣ ቆረጥን፣ በጆንያ መርፌዬ ሰካን። አንድ ከባድ ነገር ክሩን ይዞ ሄደ። ሳብኩ። ውሃው ውስጥ ሰፊ ጥቁር ራስ አየሁ፤ ከዚያ እጄ ቀለለ። ክሩ ሲወጣ መንጠቆዬ እንደ ፊተኛው ቀጥ ብሎ የጆንያ መርፌ ሆኗል።

አባ መርፌውን ከክሩ ፈትተው መልሰው ሰጡኝ። ቢናገሩኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ መካከል ከግንቡ ውጭ ወዳለ የብረታ ብረት ሱቅ ወሰዱኝ። ባለሱቁ አቧራ የጠጣ ጣሳ አውጥቶ መንጠቆዎቹን ባንኮው ላይ ዘረገፈልን። እኔ ትልቁን አነሣሁ።

"ይኼ ለዓሣ ነባሪ ነው" አሉ አባ።

እሳቸው የመረጡበትን መንገድ እስከ ዛሬ አልረሳውም። እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ጥፍር ላይ በቀስታ ይጎትቱታል፤ ጫፉ ከተንሸራተተ ይጥሉታል፣ ጥፍሩን ከነከሰ ያስቀምጡታል። ክሩ የሚታሰርበት ቀለበት በደንብ መዘጋቱን በብርሃን ያያሉ። በሁለት እጅ ይዘው ለመዘርጋት ይሞክራሉ። መጨረሻ ላይ በጫፉና በግንዱ መካከል ጣታቸውን ያስገባሉ።

"እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ቁራጩ ከተሰካ በኋላ ክፍት ቦታ መቅረት አለበት። ጠባብ ከሆነ ሥጋው የመንጠቆውን አፍ ይደፍነዋል፣ ጫፉ የሚገባበት ያጣል።" ከዚያ ሁሉ ክምር ሦስት መርጠው ወጣን።

በሁለተኛው እሑድ አቆራረጡን አስተማሩኝ። ቆሮሶውን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አጋድመው ከጀርባው ወደ ሆዱ በሰያፍ አወረዱት። ስፋቱ ሁለት ጣት፣ ወደ አንድ ጫፉ እየጠበበ የሚሄድ። እኔ ጠርዙን ላስተካክል ስል እጄን መቱኝ።

"ኪስ አይደለም የምትሰፋው። ቆዳውን እንዳትገፍ፣ ሥጋው ውሃ ውስጥ ይላላል፤ መንጠቆውን የሚይዝልህ ቆዳው ነው። ቅርፊቱንም ተወው። ደሙን አትጠብ፣ አምባዛ ሽታ ተከትሎ ነው የሚመጣው። መታጠብ ያለበት ያንተ እጅ ነው።"

እውነትም እጄ የስፌት መኪና ዘይት ይሸታል። በሐይቁ ጭቃ ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። ከዚያ ቁራጩን ራሴ ሰካሁ። በቆዳው ገባሁ፣ በሥጋው አልፌ እንደገና በቆዳው ልወጣ ስል ጫፉን ውስጥ ደበቅሁት። ይህን ሳደርግ አላሰብኩም፤ እጄ ነው ያደረገው። የተማርኩት ስፌቱ እንዳይታይ መስፋት ነው። ቀኑን በሙሉ አምባዛ መጥቶ ይጎትታል፣ እኔ እስባለሁ፣ መንጠቆው ባዶውን ይወጣል። አባ ሌላኛው ዳር ላይ ሆነው አያዩኝም። ሲመጡ አንዱን ቁራጭ አንሥተው ተመለከቱት።

"ጫፉ የታለ?"

"ውስጥ ነው።"

"ያ ረብ! ዓሣውን እያበላኸው ነው እኮ። ጫፉ ይውጣ። ስፌትህ ይታይ።"

ያን ጊዜ ግን ቆሮሶው አልቋል፣ የመመለሻው አውቶቡስም ደርሷል።

በሦስተኛው እሑድ አባ መሄድ አልቻሉም። ጉልበታቸው አብጦ ነበር፣ ቤታቸውም በስንብት እንግዳ ተሞልቷል። በር ላይ ቆሜ ሳለ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "ልጄ፣ ይቅር በቃ። እንዲሁ አውፍ በለኝና ልሂድ" አሉኝ።

ልመናቸው አንጀቴን በላው። ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ግን እንዲህ ለምነው ያገኙት ቃል ቃል አይሆንም ብዬ አሰብኩ፣ እልኼም ረዳኝ። "ከሰዓት ይዤው እመጣለሁ፣ ሳህን ያዘጋጁ" ብዬ ሄድኩ።

ሐይቁ እንደደረስኩ ሁለት ቆሮሶ ያዝኩ። ሁለተኛው እንደ መዳፌ የሰፋ፣ ከዚያ ሐይቅ ካየሁት ቆሮሶ ሁሉ ያማረ ነበር። መጀመሪያ ትንሹን ቆረጥኩ። አለቀ፣ ምንም የለም። ትልቁን አንሥቼ ለአፍታ አየሁት። ሳህን አይሞላም አልኩና በሰያፍ አወረድኩት። ጫፉን አውጥቼ፣ ጥፍሬ ላይ ሞክሬ፣ ወረወርኩ።

ቀትር ሲያልፍ ክሩ በዝግታ ተጓዘ። እስኪወስደው ጠበቅኩና ሳብኩ። መንጠቆው ያዘ። ክሩ መዳፌን ሰነጠቀው፤ አልለቀቅኩም። እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ገብቶ፣ ወደ ኋላ እየሄድኩ አወጣሁት። ክንዴን የሚያክል፣ ሰፊ ራስ፣ ስምንት ጢም ያለው፣ ጥቁር፣ ለስላሳ። ብቻዬን ሳቅሁ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የቀሩትን ሦስት ቁራጮች እንኳ ሳልጥል አባ እንዳስለመዱኝ ጨው ነስንሼ ባዶ የወተት ጣሳ ውስጥ ከደንኳቸው። አምባዛውን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ወንበር ቀየሩ።

ቤቴ ኤረር በር አጠገብ ነው። ልብስ ልቀይር ገባሁ። እናቴ የቄስ ልጅ ናት። ጆንያውን ገለጥኩላት።

"ቅርፊቱስ?" አለች።

ዓሣውን ዳበስኩት። ከሐይቁ ጀምሮ ስዳብሰው ነበር።

"ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንደማይበላ አታውቅም? ኦሪት የከለከለው ነው። አውጣልኝ ከቤቴ።"

ከዓሣ የማውቀው ሰርዲን ብቻ ነበር፤ በዚያ ቤት ስለ ቅርፊት ያወራ ሰው አልነበረም። መንገድ ላይ ሆኜ ዝም ብዬ ብበላስ አልኩ። አባ አያውቁም፣ እናቴ አታይም። ግን በሐሳቤ እንኳ ከጉሮሮዬ አልወርድ አለኝ። ሦስት እሑድ ለፍቼ፣ መብላት የምችለውን ቆሮሶ ለማልበላው አምባዛ ከትፌ ሰጥቻለሁ። በራሴ አፈርኩ፣ ተናደድኩም። ቢሆንም ሳህን ያዘጋጁ ብያለሁ፤ መቅረት አልቻልኩም።

አባ እንግዶቹን ሸኝተው ግቢው ጥላ ስር ተቀምጠው አገኘኋቸው። አምባዛውን ሲያዩ "ማሻአላህ" አሉ። ባለቤታቸው ተቀብለው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። እኔ ቆሜ ቀረሁና እናቴ ያለችውን እንዳለ ነገርኳቸው። እጆቼን፣ የተሰነጠቀውን መዳፌን አዩ። ከዚያ ጣሳውን አዩ።

"እሱ ምንድን ነው?"

"ከቁራጩ የተረፈ ነው።"

"የቆሮሶው? ቅርፊት አለው?"

"እርስዎ ተወው ብለውኝ የለ፣ አልነካሁትም።"

"ስጠኝ" አሉ።

ከእንቁላል በቀር ሌላ ነገር ያልነካው መጥበሻ ነበራቸው፤ ባለቤታቸው በእሱ ዘይት አግለው ጠበሱልን። ሦስት ቁራጭ፣ በሰያፍ የተቆረጠ፣ አንዱ ላይ ሰክቼ የነቀልኩት የመንጠቆ ቀዳዳ አለበት። ትልቅ ነጭ ሳህን መሐል ሲቀመጡ የጠፉ ይመስሉ ነበር። እሳቸው "ቢስሚላህ" አሉ፣ እኔ አማተብኩ። ቅርፊቱን በጥፍራችን እየላጥን በላን። ጨው በዝቶበታል፣ ትንሽም ጭቃ ጭቃ ይላል። ሁለታችንም አንድ አንድ ስንጨርስ ሦስተኛው መሐል ቀረ። እኔ አልነካም፣ እሳቸውም አይነኩም። በመጨረሻ ከፈሉትና ትልቁን ግማሽ በእጃቸው አጎረሱኝ።

"አሁንስ?" አሉ።

አፌ ሙሉ ነበር። ለመዋጥ አልጠበቅኩም።

"ብያለሁ" አልኩ። "እርስዎም አውፍ ይበሉኝ።"

"ብያለሁ፣ ልጄ።"

ረቡዕ ሄዱ። አብረዋቸው የሄዱት ተመለሱ፣ እሳቸው ግን ሐጁን ፈጽመው እዚያው ቀሩ፤ እዚያው ተቀበሩ። ልጃቸው መርዶውን ይዞ ወደ ሱቅ መጣ። የአባቱ ኮፊያ ግማሹ ተሰፍቶ መርፌው እንደተሰካበት መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እሱን እያየ ለሟች እንደሚደረገው ጠየቀኝ።

"አባቴ ያስቀየሙህ ነገር ካለ አውፍ በላቸው።"

"ብያቸዋለሁ" አልኩት። "አፌ ሞልቶ ነው ያልኳቸው።"