ከምድር ቤት የመጣው ድምፅ

ለጋሼ ያልነገርኳቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም ዋናው ነገር። ሲያትል፣ ሶዶ በሚሉት ሰፈር ውስጥ፣ ከመጋዘኖቹ መሀል ያለው ወለሉን የምወለውልበት ስቱዲዮ ከሮክ ኤንድ ሮል ጅማሬ ዘመን የተረፈ ቤት መሆኑን ዋጥኩት። «ጸጥ ያለ፣ ንጹሕ ቤት ነው» ብቻ አልኳቸው። ስለ ንጽሕናው መጥረጊያዬ ምስክር ነው።

ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነበሩ። ኳየራችን ለማዛጋት እንኳ እሳቸውን ያስፈቅዳል። መዝሙር ለመቅዳት የቸኮልነው በሶሎ ዘማሪዋ እህታችን ምክንያት ነው። እናቷ አዲስ አበባ የአልጋ ቁራኛ ሆነዋል፤ ደርግ ጸሎት ቤታቸውን ካሸገ ወዲህ መዝሙር በጉባኤ ሰምተው አያውቁም። ካሴት በሻንጣው የሚወስድ መንገደኛ ተገኝቶ ነበር፤ የሚሄደው ሰኞ፣ እኛ ያለነው ቅዳሜ ላይ።

መኪናውን ፓርክ አድርገን ገና ስንገባ ግድግዳው አጋለጠኝ። ከጣሪያ እስከ ወለል ፎቶ ነው፤ ጊታር ያነገቱ፣ አናታቸው ላይ ሁለት ሁለት ኪሎ ቅቤ የፈሰሰ የሚመስል፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ጎረምሶች። ጋሼ እንደ ኬላ ፈታሽ አንድ በአንድ አዩዋቸው።

«እነዚህ ልጆች ምን ሆነው ነው?»

«እየዘፈኑ ነው፣ ጋሼ።»

«ቆመው ነው እየወደቁ?»

የስቱዲዮው ባለቤት ሳንድዊቹን እየገመጠ፣ በዚህ ማይክ እነማን እንደዘፈኑበት ይዘረዝርልኝ ጀመር። አልተረጎምኩም። እኔም ብሆን አላመንኩትም፤ ያን ሁሉ ሰው አዝፍኖ ቢሆን ማይኩ ቀልጦ ያልቅ ነበር።

እህታችን ለሙከራ አንድ አዝማች ዘመረች። ሰውየው ቴፑን መልሶ ሲያሰማን፣ ከድምፅዋ ኋላ ሌላ ድምፅ ተከተላት፤ ራቅ ያለ፣ ከጉድጓድ የሚወጣ የሚመስል። ጋሼ እጃቸውን አነሱ።

«ከታች ማን አለ?»

ማንም የለም አለ ባለቤቱ። የድሮ ዘዴ ነው፤ ድምፁ በሽቦ ወርዶ ምድር ቤት ባለ ባዶ ክፍል ውስጥ ይለቀቃል፣ ግድግዳው ሲያስተጋባው ሌላ ማይክ ይለቅመዋል። ይህን ስተረጉም ጋሼ የሚያዩት አፌን ሳይሆን ዓይኔን ነበር።

«ባዶ ክፍል አይዘምርም» አሉ። «ሳላየው አንዲት ቃል አትቀዳም።»

እህታችን የሻርፗን ጫፍ ማኘክ ጀመረች።

ወረድን። እርቃኑን የቆመ የሲሚንቶ ክፍል፣ አንድ ስፒከር፣ አንድ ማይክ። ጋሼ ከስፒከሩ ኋላ ፈተሹ፣ ግድግዳውን በጉልበታቸው ሳይቀር አንኳኩ፣ የበሩን ውፍረት በስንዝር ለኩ።

«ከዚህ ድምፅ ወደ ውጭ ይወጣል?»

ባቡር ቢያስገቡበትም አይሰማም አለ ሰውየው።

 ጋሼ፣ አገር ቤት እንዲህ ያለ ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ሆነው በሹክሹክታ ይዘምሩ እንደነበር አወሩን። ጎረቤት እንዳይሰማ መስኮቱን በፍራሽ ይደፍኑ ነበር፤ የእህታችን እናት አንዷ ነበሩ።

«በይ ውጪና ለእናትሽ ዘምሪላት» አሏት። «ጮክ ብለሽ። በሹክሹክታማ ጠግባለች።»

ተቀዳ፤ ሰኞም ሄደ። ካሴቱ ላይ የጋሼ ድምፅ ግን የለም። እኛ ስንዘምር እሳቸው ውጭ በሩ ላይ ቆመው፣ መንገዱን ግራና ቀኝ ይቃኙ ነበር። ይግቡ እንጂ ብላቸው፣

«ሰውየው ደህና ሰው ይመስላል» አሉኝ፤ «ጎረቤቶቹን ግን አላየናቸውም።»