የሀሰኖ ፈንጣጣ

ሱሉልታ ውስጥ ቅቤ ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ሀሰኖን ያውቀዋል። ሱቁ በጎጃም መንገድ ዳር፣ ሚኒባሶች ወደ ጫንጮ ሰው ከሚጭኑበት ቦታ አጠገብ ነው። የገጠር ሴቶች ቅቤ ሲያመጡለት ወዲያው ሚዛን ላይ አያወጣውም። በጣቱ ጫፍ ጥቂት ቆንጥሮ የእጁን ጀርባ ያሸዋል፤ እስኪቀልጥ ይጠብቃል፤ ወደ አፍንጫው ያስጠጋዋል። ከዚያ ወይ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ወይ "እህቴ፣ ይሄ ሙዝ ገብቶበታል፤ መልሰሽ ውሰጂው" ይላል። በዚህ ነገር ብዙ ሰው ተጣልቶታል፤ ተሳስተሃል ብሎ የረታው ግን የለም።

ፊቱንም ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጉንጮቹና አገጩ ተቦርቡረው ዝናብ የመታው አመድ ይመስላሉ። ለሚጠይቀው ሁሉ "በልጅነቴ ፈንጣጣ ይዞኝ ነው" ይላል። ፈንጣጣ ስንቱን ቤት እንደዘጋ የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ይህን ሲሰሙ "አተረፈህ!" እያሉ እጁን ይጨብጡታል። እሱም አንገቱን ደፋ አድርጎ "አልሐምዱሊላህ" ይላል።

ሀሰኖን ግን ፈንጣጣ ይዞት አያውቅም። ብጉር ነው። ወራቤ አካባቢ፣ ባደገበት መንደር፣ ጺም ማብቀል ሲጀምር ፊቱና ጀርባው በብጉር ተወረረ። ቋጠረ፣ መገለ፣ ፈረጠ፤ ሲደርቅም ጉድጓዱን ትቶለት ሄደ። ሱሉልታ በመጣ ሰሞን አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት "ወንድሜ፣ ፈንጣጣ ነው እንዴ?" ብላ ጠየቀችው። ራሱን ነቀነቀላት። ሴትዮዋ ለሌላው ነገረች፣ ሌላውም ለሌላው፤ ሀሰኖም ከዚያ ወዲያ የፈንጣጣ ሰው ሆኖ ኖረ። ሲያገባም አላስተባበለም። ልጅ ሲወልድም አላስተባበለም።

ልጁ ሬሐና አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ብጉሩ ሲጀምራት ግንባሯ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ነበር። ከዚያ ወደ ጉንጮቿ ወረደ፤ አንዳንዱም ከቆዳዋ ሥር እንደ ሽምብራ እየጠጠረ ሲነኩት የሚያም ሆነ።

ቤቱ የቅቤ ቤት ነውና መድኃኒት ፍለጋ ሩቅ አልተኬደም። እናቷ ሰብሪያ ማታ ማታ ጸጉሯን ስትሠራላት፣ ሀሰኖ ራሱ የመረጠው ለጋ ቅቤ ይቀርባል። አናቷ ይቀባል፤ የተረፈው ግንባሯና ጉንጮቿ ላይ ይታሻል። የሱሉልታ ንፋስ ቆዳ ያደርቃል፣ ቅቤ ደግሞ ያለሰልሳል፤ ይህን በዚያ ቤት የሚጠራጠር የለም። ብጉሩ ሲብስ ቅቤው ተጨመረ። ቅቤው ሲጨመር ብጉሩ ባሰ።

"የእኛ ቤት ልጅ ቅቤ አጥታ ፊቷ ተበላሸ ሊባል ነው?" ይላል ሀሰኖ። አንዳንዴም ይቆጣል። "ፊትሽን በደንብ አትታጠቢማ! እጅሽም አያርፍም። ንጹሕ ሰው እንዲህ ይሆናል?"

ይህን ሲናገር የራሱ አባት ድምፅ ጆሮው ላይ ያቃጭልበታል፤ ግን ይናገረዋል።

አንድ ቀን ከጫንጮ ቅቤ የምታመጣለት ደንበኛው ጂቱ እቤት ድረስ መጥታ በኦሮምኛዋ እንዴት አደራችሁ አለች።

"አካም ቡልተን፣ ኦቦ ሀሰኖ!"

"ነጋ፣ አዴ ጂቱ። ግቢ፣ ግቢ።"

ጂቱ ተቀምጣ ሳትጨርስ ሬሐናን አየቻት። "ያ ዋቃዮ! ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ፊትሽን ምን ነካው?"

"ብጉር ነው ባክሽ" አለች ሰብሪያ።

"እሱማ የኮረዳ ነው። ባል ስታገባ ይለቃታል።"

"እስከዚያ ታዲያ" አለች ሬሐና፣ "ይሄን ፊት ይዤ ማን ያገባኛል?"

ጂቱ ከት ብላ ሳቀች። ሌላ የሳቀ ሰው አልነበረም። ሬሐና ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። ሀሰኖ ቆይቶ ሲከተላት መስታወት ፊት ቆማ በሁለት ጥፍሮቿ ጉንጯን ስትጨምቅ አገኛት። ደሙ ከመግሉ ጋር ወደ አገጯ ይወርዳል። እጇን ይዞ አወረደው።

በዚያው ሳምንት ሬሐና ትምህርት ቤት መሄድ አቆመች። ክፍል ስትገባ አንዱ ልጅ "ኮረኮንች መጣች! ቀስ በሉ፣ ጎማ እንዳይፈነዳ!" ብሎ ክፍሉን አሳቀባት። መምህሩም ፊቱን ወደ ሰሌዳው አዙሮ ሳቀ። ዕቃዋን ሰብስባ ወጣች፤ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። አባቷ ቢለምን፣ እናቷ ብታለቅስ፣ መልሷ አንድ ነበር፦ "ፈተናውን ፊቴ አይፈተንልኝም፣ እኔ ደግሞ ያለ ፊቴ መሄድ አልችልም።"

ሀሰኖ ከተማ ወደሚገኝ የቆዳ ሐኪም ይዟት ሄደ። ሚኒባሱ እንጦጦን እስኪያልፍ ሬሐና በሻርፗ እስከ ዓይኗ ተሸፍና ከመስኮቱ ሌላ አላየችም። ሐኪሟ ዶክተር ማሪቱ የምትባል ወጣት ሴት ናት። የሬሐናን ፊት በመብራት እያየች፣ በጣቷም እየዳሰሰች ብዙ ቆየች።

"ምን ምን ትቀቢያለሽ?"

"ቅቤ።"

"ፊትሽን?"

"ለጋ ቅቤ ነው" አለ ሀሰኖ፤ "ንጹሕ። እኔው ራሴ የምመርጠው።"

"አባት፣ ቅቤዎ ንጹሕ መሆኑን አልጠራጠርም። ግን የእሷ ቆዳ ራሱ ወዝ አብዝቶ እያመነጨ ነው። ከላይ ቅቤ ሲጨመርበት ቀዳዳው ይደፈናል። ከጸጉሯም ወደ ግንባሯ ይወርዳል። ከዛሬ ጀምሮ ይቁም።"

ሀሰኖ በሕይወቱ ሙሉ ስለ ቅቤ ምክር የሰጠ እንጂ የተቀበለ ሰው አይደለም። የዛሬውን ግን ዋጠው።

"ደግሞ ማፍረጥ የለም" አለች ዶክተሯ ወደ ሬሐና ዞራ። "ጠባሳ የሚያመጣው አንዱ እሱ ነው። ባለመታጠብሽ የመጣም አይደለም። ሙልጭ አድርጎ መፈተግ እንዲያውም ያባብሰዋል።" ከዚያ እስክሪብቶዋን አነሳች። "በቤተሰብ ውስጥ እንዲህ ዓይነት ጉድጓድ የሚተው ብጉር የነበረበት ሰው አለ? በእናት ወይም በአባት በኩል?"

"የለም" አለ ሀሰኖ።

ዶክተሯ ቀና ብላ አየችው። "የእርስዎ ፊትስ?"

"ፈንጣጣ ነው።"

ዶክተሯን የታላቅ ሰውን ቃል ማስተባበል ከበዳት መሰል። "እሺ" አለች። "የጠየቅሁት በዘር ካለ ጠባሳው ቶሎ ስለሚከተል ነው። እንደዚያ ከሆነ ሳንውል ሳናድር ወደ ጠንካራው መድኃኒት እንገባለን። ከሌለ ግን በሚቀባው እንጀምርና ሁለት ሦስት ወር እናየዋለን።"

"በሚቀባው ይሁን" አለ ሀሰኖ።

ቅቤው ቆመ። ሰብሪያ የትራስ ልብሱን ሁሉ አጥባ ለወጠች። ሬሐና ማታ ማታ ቅባቱን በስሱ ትቀባለች። ግንባሯ ላይ ያሉት ደቃቅ ብጉሮች እየከሰሙ ሄዱ። ጉንጮቿና አገጯ ሥር ያሉት ጠጣሮች ግን አልሰሙም። አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይተካል። ሀሰኖ አንድ ጠዋት ውኃ ስታቀብለው ሻርፗ ወረድ ብሎ ቀኝ ጉንጯን አየ። ያበጠው ሟሽሿል፤ በቦታው ግን ቆዳው ወደ ውስጥ ሰርጉዷል። ያንን ስርጉድ ያውቀዋል። ጺሙን በላጨ ቁጥር ምላጩ ይገባበታል።

ቅዳሜ ጫንጮ ገበያ ወጣ። ጂቱ ከቅቤዋ አጠገብ ተቀምጣ ቦታ ለቀቀችለት።

"ልጅቷስ ኦቦ ሀሰኖ፣ ተሻላት?"

"አልተሻላትም።"

"አይዞዎት። የእሷ እንደ እርስዎ ፈንጣጣ ቢሆን ነበር የሚያስፈራው። ብጉር እኮ ነው! ብጉር ማንን ጎድቶ ያውቃል?"

ሀሰኖ ቅቤ ሊቆነጥር የዘረጋውን እጁን መለሰ። ጂቱ ልታጽናናው ነበር። ያጽናናችውም እሱ ራሱ ስንት ዘመን ባስተማራት ነገር ነው። በዚህ አገር ብጉር ሰው እንደሚጎዳ የሚመሰክር አንድ ፊት ቢኖር የእሱ ነበር፤ እሱም ሌላ ስም ሰጥቶታል። ቤቱ ያለችው ልጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር በሷ ብቻ እንደደረሰ እያሰበች በር ዘግታ ተቀምጣለች።

"ይሄን ቅቤ አይወስዱትም እንዴ?" አለች ጂቱ ሲነሳ አይታ። "አላሸተቱትም እኮ!"

"ሳምንት እመጣለሁ" ብሎ ሄደ። ሀሰኖ ከጫንጮ ገበያ ባዶ እጁን ሲመለስ የታየው ያን ቀን ብቻ ነው።

ሬሐና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። በሩ ላይ ቆመ።

"ልጄ፣ እኔን ፈንጣጣ ይዞኝ አያውቅም።"

ቀና አለች። "ምን?"

"ብጉር ነው። ያንቺው ነው። ባንቺ ዕድሜ ነው የጀመረኝ። ሰው ሲጠይቀኝ አፍሬ ፈንጣጣ ነው አልኩ፤ እንደዚያው ቀረ።"

ሬሐና ፊቱን አንድ በአንድ እየመረመረች አየችው። ሀሰኖ የምታለቅስ መስሎት ነበር። እሷ ግን ፊቷ በቁጣ ጠቆረ።

"ታዲያ እኔን ለምንድነው ቆሻሻ ያልከኝ?"

"ቆሻሻ አላልኩሽም።"

"'ፊትሽን አትታጠቢም' ብለኸኛል። 'ንጹሕ ሰው እንዲህ አይሆንም' ብለኸኛል። ጠዋትና ማታ እስኪላጥ ድረስ በሳሙና ስፈትገው ቆመህ ታየኝ ነበር! አንተ ታጥበህ ነው ያልዳንከው ወይስ ሳትታጠብ?"

"ሐኪሟም ስትጠይቅህ ዋሸሃት" አለች፤ "እዚያው እኔ ፊት።"

"ዋሸኋት።"

ሰብሪያ ከሳሎን ድምፅዋን አሰማች። "አንተ ሰውዬ፣ ከኔም የደበቅህ መስሎሃል? ስንት ዘመን ጀርባህን ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? ያልተናገርኩት እንደዚያ መባሉ ደስ ስላለህ ነው።"

በሌላ ቀን ቢሆን ሦስቱም ይስቁ ነበር።

በማግስቱ እሑድ ነበር። ሰኞ ጠዋት ዶክተር ማሪቱ ጋ ቀድመው የተሰለፉት ሀሰኖና ልጁ ናቸው። ሀሰኖ እንደገባ ሳይቀመጥ እውነቱን ተናገረ። ሐኪሟ አልተገረመችም፤ አልገሠጸችውምም። የሬሐናን ጉንጭ እንደገና አየች፤ የሀሰኖንም አየች።

"በአፍ የሚወሰደውን እንጀምራለን" አለች። "ከባድ መድኃኒት ነው። በየጊዜው የደም ምርመራ አለው። ከንፈርሽ ይደርቃል። እርግዝና ላይ ጽንሱን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ክትትል ለማንም አይሰጥም፤ ለጓደኛሽም እንዳታካፍዪ። ከአሁን በኋላ አዲስ ጠባሳ እንዳይወጣ እንታገላለን።"

"የወጣውስ?" አለች ሬሐና።

"የወጣውን በኋላ በሕክምና ማለስለስ ይቻላል። ይቀንሳል። ግን ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ብዬ አልዋሽሽም።"

ሬሐና ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች ቀኝ ጉንጯን በመዳፏ ሸፍና ቆየች። ሀሰኖ መጀመሪያ ቀን ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ከዚያ መዳፍ ሥር ካሉት ጠባሳዎች ስንቶቹ ባልኖሩ ብሎ አሰበ። ማንም ሊነግረው አይችልም።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ሱሉልታ ሳይደርስ ሬሐና "ፈተናው ደርሷል" አለች። ሀሰኖ ከመኪና እንደወረዱ ሱቁን ሳይከፍት በቀጥታ ወደ ትምህርት ቤቷ መራት።

ርዕሰ መምህሩ ሀሰኖን የሚያውቁት በቅቤ ደንበኝነት ነበር። ወንበር ሰጡት። ልጅቷ የቀረችበትን ጊዜ ሰምተው ቅንድባቸውን ሰቀሉ።

"ጋሽ ሀሰኖ፣ ይሄን ያህል የምትቀርበት ምን ደረሰባት? ታማ ነበር?"

"ብጉር ነው።"

ርዕሰ መምህሩ ፈገግ አሉ። "ብጉር? እንዴ! በብጉር ትምህርት ይቀራል?"

"ይቀራል" አለ ሀሰኖ። "እኔ ቀርቻለሁ።"

ሬሐና አባቷን ዞር ብላ አየችው፤ ይህን አልነገራትም ነበር።

"ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው" አለ ሀሰኖ፤ ድምፁን አላነሳም፣ አላወረደም። "ቅጽል ስም አወጡልኝ፣ መምህራችንም አብሮ ሳቀ። ቤቴ ገባሁ፤ ቆይቶ ከአገሬም ወጣሁ። ማንም ተመለስ ብሎ የመጣልኝ የለም። እኔ ግን ለልጄ መጥቻለሁ። እርስዎም ክፍሉ ሲስቅባት አብሮ የሳቀው የእሷ መምህር ማን እንደሆነ ይጠይቁልኝ።"

የርዕሰ መምህሩ ፈገግታ ጠፋ። ለሬሐና የመግቢያ ወረቀት ጽፈው ሰጧት፤ መምህሩንም እንደሚያነጋግሩት ተናገሩ።

ሬሐና ወረቀቱን ይዛ ግቢውን አቋረጠች። ሻርፗ እንደ ወትሮው እስከ አፍንጫዋ ድረስ ነበር። ሀሰኖ "አውርጂው" ሊላት አልቃጣም። የክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ብዙ ቆመች። የምትመለስ መሰለው። ከውስጥ የብዙ ልጆች ጫጫታ ይሰማል። ከዚያ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።