እናቴ ልታመሰግን የተነሳች ዕለት

እናቴ በሕይወቷ ስብሰባ ላይ እጇን ያወጣችው አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ባሌ አበላሸው። ይሄን ሳወራ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

እናቴ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የነርስ ጋውን፣ የመጋረጃ ጠርዝ፣ የተበላሸ ዚፕ፣ የመጣላትን ሁሉ ትሰፋለች። እኔንና ወንድሜን ያሳደገችን በእግር በሚረገጥ የስፌት መኪና ነው። ድሮ ገበያው ሜዳ ላይ ነበር። ሲዘንብ ጭቃው ጫማ ይውጣል፤ ነጭ ጨርቅ ይዞ የመጣ ደንበኛ ግራጫ ይዞ ይመለሳል። ሲመሽ ደግሞ ሌባው መፈናፈኛ የማያሳጣ መሰላችሁ? ስለዚህ የስፌት መኪናው በየማታው ቤት መግባት ነበረበት። አባቴ የብረት እግሩን በትከሻው፣ እናቴ አናቱን በጨርቅ ጠቅልላ እንደ ሕፃን ታቅፋ ይመጣሉ። ጠዋት ደግሞ መልሶ መሸከም ነው። አባቴ እስኪሞት ድረስ ወገቡን የያዘው ሕመም ከዚያ የመጣ ነው ትላለች።

ከዚያ እነዚህ ሰዎች ሥልጣን ያዙ። ጥያቄ አይወዱም፣ ሥራ ግን ይወዳሉ፤ ይሄን እንኳ ልካድ ብል አልችልም። ገበያው ጣራ አገኘ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፣ መብራት ገባ፣ ለእያንዳንዱ ሰፊ የሚቆለፍ ክፍል ተሰጠው፣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ። እናቴ የስፌት መኪናዋን እዚያው ትታ ባዶ እጇን ቤት የገባች ዕለት እንቅልፍ ባይኗ አልዞረም። ሲነጋ ሮጣ ብትሄድ እንደተወችው ቆሞ አገኘችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እነሱ ክፉ የሚናገርባት ሰው ጠላቷ ነው።

እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም። እሁድ ምሳ ላይ እጀምራታለሁ።

"አስተማሪው ጎረቤታችን ምን አጠፋ? የትምህርት ቤቱ ጣራ ያፈሳል ብሎ ስብሰባ ላይ ጠየቀ፤ ከሥራ አባረሩት። ይሄ ደግ ነው?"

"የስፌት መኪናዬ ገበያ ያድራል" ትለኛለች።

"እማዬ፣ እኔ የማወራሽ ስለ ሰው ነው።"

"እኔስ? አባትሽ ሰው አልነበረም? ያኔ ሁሉም እንዳሻው ይናገር ነበር። ሌባውን ግን ማን ያዘልን?"

የሚያናድደኝ ውሸቷን አለመሆኑ ነው። እኔ ራሴ ክሊኒክ ማታ ተረኛ ስሆን ብቻዬን በእግሬ ነው የምመለሰው፤ ድሮ ወንድሜን ሳላስከትል ከደጅ አልወጣም ነበር። ስለዚህ ተከራክረን ተከራክረን እሷ ታሸንፋለች፤ እኔ ሳህን እያጋጨሁ አጥባለሁ።

ባሌ በዚህ ክርክር ውስጥ የለበትም። ሰፈር የሚያውቀው "ባለማይኩ" በሚል ስም ነው፤ ድምፅ ማጉያ ያከራያል። ድሮ ሥራው ሠርግ ነበር። አሁን ምረቃው፣ የመሠረት ድንጋዩ፣ ስብሰባው ፋታ አይሰጠውም፤ አዲሶቹን ድምፅ ማጉያዎችም የገዛው በዚሁ ነው። ስብሰባ ላይ ሁለት ማይክ ይዘረጋል፣ አንዱ ለመድረኩ፣ አንዱ ለሕዝቡ። የሕዝቡን የሚከፍተውና የሚዘጋው በአውራ ጣቱ ነው። የሰፈሩ አስተዳዳሪ መነጽሩን ካወለቀ ባሌ ድምፁን ያጠፋና "ይቅርታ፣ የቴክኒክ ችግር ነው" ይላል። የአስተማሪው የጣራ ጥያቄም ግማሽ መንገድ ላይ የቀረው እንዲሁ ነው።

"አንተ ነህ አይደል ያጠፋህበት?" ስለው፣

"እኔ የማውቀው ሽቦ ነው። ፖለቲካ ውስጥ አታስገቢኝ" አለኝ።

ሽቦ ነው የሚያውቀው። እንዲህ ካለ ሰው ጋር ነው የምኖረው።

ታዲያ የገበያው ሁለተኛ ፎቅ ሊመረቅ ስብሰባ ተጠራ። ከእናቴ አጠገብ ተቀምጫለሁ። "አስተያየት ያለው?" ሲባል ለማንም ሳትነግር እጇን አወጣች። ማይኩን አቀበሏት።

"እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ" ብላ ጀመረች። እናቴ ነገር ስትነግር ከሥር ከመሠረቱ ነው፤ ዛሬ ጨው ገዛሁ ለማለት ከትናንት ወዲያ ትነሳለች። "የዚህን ገበያ ጭቃ ማን ይረሳዋል? ሌባውንስ? ሌባው እኮ እኔንና ባለቤቴን…"

ድምፁ ጠፋ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ የሚሰማ ነገር የለም። አስተዳዳሪው መነጽሩን አልነካም፤ እንዲያውም ፈገግ ብሎ ያዳምጣት ነበር። ባሌ ማንም ሳያዘው በራሱ ጊዜ አጠፋው። "ይቅርታ፣ የቴክኒክ ችግር ነው" አለ። እናቴ ማይኩን መታ መታ አድርጋ አየችውና ተቀመጠች።

ቤት እንደገባን ያዝኩት።

"ልታመሰግን እኮ ነው የተነሳችው፣ አንተ ሰውዬ።"

"ምን አውቄ? ሌባ ስትል ሰማሁ፣ እጄ ቀደመኝ።" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ደግሞ ያንቺን አፍ እያየሁ የእናትሽን በምን ልመን?"

ጥፋቱ ዞሮ ዞሮ የኔ ሆነ ማለት ነው።

በማግስቱ እናቴ ክፍሏን ስትከፍት በአጠገቧ ክርና ቁልፍ የምትሸጠው ጎረቤቷ ሻይ ይዛላት መጣች።

"የልባችንን ተናገርሽልን" አለቻት በሹክሹክታ።

"ምን ተናገርኩ? ላመሰግን እኮ ነበር።"

"አዎ፣ እንደሱ በይ" ብላ ጠቀሰቻት።

ሥጋ ሻጩ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ሰላም አላት። ዓመት ሙሉ በዋጋ ሲነዘንዛት የኖረ ደንበኛ የተባለውን ከፍሎ ሄደ። "ላመሰግን ነበር" ባለች ቁጥር ጀግንነቷ ይጨምራል። እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ቤት ገባች። እኔ ከልቤ ሳቅኩ፤ እስከ ማግስቱ ብቻ።

በማግስቱ አስተዳዳሪው ባሌን አስጠራው።

"አማትህ ምን ልትል ነበር?"

"ልታመሰግን ነበር።"

"ታዲያ ለምን አጠፋኸው?"

"የቴክኒክ ችግር ነው ጌታዬ።"

ይቺን ቃል ለባሌ ያስተማረው አስተዳዳሪው ራሱ ነው፤ እንዴት አድርጎ ይመነው? ልትቃወም ነበር ቢል እናቴ አለቀላት፤ ልታመሰግን ነበር ሲል ደግሞ ምስጋና ያፈነው እሱ ሊሆን ነው። በገዛ ሽቦው ተጠልፎ፣ ፊቱ አመድ መስሎ መጣ። የገበያው ጽሕፈት ቤትም እናቴን ጠርቶ "የክፍልዎ ጉዳይ እየታየ ነው" አላት። ምኑ ነው የሚታየው? አራት ግድግዳ ነው። እናቴ ግን የዚያን ዕለት እህል አልቀመሰችም።

መላውን ያመጣው አስተዳዳሪው ነው፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ምስጋናዋን ታቅርብ አለ። እናቴ ደስ አላት። ቢሮው ስንሄድ አብሬያት ገባሁ።

"እስቲ እማማ፣ እንዴት አድርገው ነው የሚሉት?"

"ከጭቃው እጀምራለሁ…"

"ጭቃውን ይተዉት።"

"እሺ፣ ሌባው…"

"ሌባ የሚባል ነገር አይነሳ።"

"ሌባ ካልነበረ የኔ የስፌት መኪና ገበያ ማደሩ ምኑ ይገርማል ልጄ?"

"እሱንም ይተዉት። ስለ ልማቱ አመሰግናለሁ ካሉ ይበቃል።"

እናቴ ዞራ አየችኝ። "አላልኩሽም?" ልላት ስንት ዘመን የጠበቅኩት ሰዓት ነበር። ፊቷን ሳየው ግን ቃሉ አልወጣ አለኝ። አሳዘነችኝ።

ስብሰባው ደረሰ፣ ተነሳች። ባሌ ካሳ መሆኑ ነው መሰለኝ ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተላት፤ ትንፋሿ ሳይቀር አዳራሹን ሞላው። "ስለ ልማቱ አመሰግናለሁ" አለች። ቆም አለች። ጭቃውን፣ አባቴን፣ ያን ሁሉ ሸክም ልትነግራቸው አፏ ላይ ደርሶ ነበር፤ ልጇ ነኝና አውቃታለሁ። አስተዳዳሪው እጁን ወደ መነጽሩ ላከ። እናቴ ማይኩን መልሳ ሰጠች። ከመድረኩ ጀምሮ ጭብጨባው ቀለጠ። አስተዳዳሪውም "ክፍሉ የእርስዎ ነው" አላት።

ስንወጣ ክር ሻጯ በሩ ላይ ጠብቃ እጇን ያዘቻት።

"አይዞሽ፣ ገብቶናል" አለቻት።

"ምኑ ነው የገባሽ? እኔ እኮ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት። ከልቤ ነው እያልኩሽ።"

ክር ሻጯ ግራና ቀኟን አየች።

"ቀስ በይ፣ ይሰሙሻል" አለቻት።

እናቴ እጇን መንጭቃ ሄደች። ወደ ቤት ስንላት ወደ ገበያው ታጠፈች። እኔና ባሌ ተከተልናት። ክፍሏን ከፍታ የስፌት መኪናውን አናት መፍታት ጀመረች።

"ምን ልታደርጊ ነው? ክፍሉ ያንቺ ነው ተብሏል እኮ" አልኳት።

"ዛሬ ተባለ። ነገስ?" አለች።

አናቱን በጨርቅ ጠቅልላ ታቀፈችና ባሌን "ና፣ እግሩን ተሸከም" አለችው።

"እማማ፣ ምን ነካዎት? ሌባ እኮ የለም።"

"ሌባማ የለም" አለች።

ባሌ ጎንበስ ብሎ የብረቱን እግር ትከሻው ላይ አወጣ። ዘበኛው በሩን ከፈተልን። መብራቱ ቦግ ብሏል፣ መንገዱ ተጠርጓል፣ የሚተናኮለን አንድ ሰው አልነበረም። እሷ ከፊት፣ እሱ ከኋላ፣ እኔ መሃል ሆነን ቤት ገባን። ጠዋት ደግሞ መልሶ መሸከም ነው።