ጎማ በፈተና የወጣ ዕለት

ጂንሲ የሲሚንቶ ፋብሪካ በዓይኗ አይታ አታውቅም። ሲሚንቶ እንዴት እንደሚመረት ግን በእንግሊዝኛ ልትዘከዝክላችሁ ትችላለች። ጡቡንም፣ ቸኮላቱንም፣ የመስታወት ጠርሙሱንም እንደዚያው። ሌሊቱን ሙሉ የሰው ደም ግፊት ስትለካ ያደረች ሴት፣ ጠዋት የነርስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ፓላ ከተማ አውቶብስ ተራ ፊት ለፊት ካለው ማስጠኛ ቤት ትገባና "በመጀመሪያ ጥሬ ዕቃው ይፈጫል" ብላ መጻፍ ትጀምራለች። ይህ ሁሉ መከራ በሽተኛ ለማስታመም ነው። አየርላንድ ያለ አንድ ሆስፒታል ነርስ ይፈልጋል፤ ነርሷ ደግሞ የእንግሊዝኛ ፈተና ማለፍ፣ ፈተናው ላይም በቀስት የተሳለውን የሲሚንቶ አሠራር አሳምራ በጽሑፍ ማስረዳት አለባት። ሲሚንቶና በሽተኛ ምን አገናኛቸው ብሎ የሚጠይቅ ፓላ ውስጥ አታገኙም። ግማሹ ሰው በዚሁ በር ወጥቶ ሄዷል፤ የቀረው በሩ ላይ ተሰልፏል።

የጂንሲ ችግር አንድ ነው። ማዳመጡን ታልፋለች፣ ማንበቡን ታልፋለች፣ መናገሩንም እንደምንም ብላ ታልፋለች። መጻፉ ላይ ግን በተፈተነች ቁጥር ግማሽ ነጥብ ይጎድላታል። የአየርላንዶቹ ትዕግሥትም አልቋል። የዝናቡ ወር ሳያልቅ ካላለፍሽ ቦታሽን ለሌላ እንሰጣለን ብለዋታል። የዚያ አገር ነርስ ሌሊት ከሠራች በኋላ ቀን ታርፋለች መባሉን ከሰማች ወዲህ ጂንሲ የምትመኘው ደመወዙን አይደለም፣ እንቅልፉን ነው። ከሥራ ስትመለስ ምግብ አለ፣ ልብስ አለ፣ የልጇ ትምህርት ቤት አለ፤ ጎኗን ልታሳርፍ ስትል ደግሞ ፀሐይ መስኮቱን አልፋ ትመጣባታለች። ባሏ ሮይ ባጃጅ ስለሚነዳ እሱም ሲገባ የሚያሳዝን ነው፤ ማን ማንን ያግዝ?

የማስጠኛ ቤቱ ሻጂ ቲቸር በዕድሜ ታናሿ ነው። እሱ ራሱ ካናዳ ልሄድ ነው ሲል ኖሮ እዚሁ የቀረ ቀልደኛ ነው።

"እህት ዓለም፣ ይሄ 'ሠራተኞቹ ይደክማቸዋል' የሚለው ከየት መጣ?" አላት አንድ ቀን፣ ወረቀቷን ከፍ አድርጎ።

"ይደክማቸዋላ ቲቸር! ጡብ እኮ ነው የሚሸከሙት።"

"ሥዕሉ ላይ የደከመው ሰውዬ የታለ? እስቲ አሳዪኝ።"

"የለም።"

"እንግዲያው አልደከመውም፣ ተይው! ቀስቱ ወደ ሄደበት ሂጂ፣ ቀስቱ ሲቆም ቁሚ። ያልተሳለ ነገር ከጻፍሽ አራሚው አያዝንልሽም። ደግሞ እዚህ ብዙ አትቆዪ፣ ትልቁ ነጥብ ያለው ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ነው።"

ክፍሉ ሳቀ፣ ጂንሲም ሳቀች። ድካም የራሷ ስለሆነ ሳታስበው የጻፈችው ነበር።

ፈተናው የሚሰጠው ኮቺ ከተማ ነው። የዋዜማውን ፈረቃዋን ከባልደረባዋ ጋር ብትለዋወጥም፣ ባልደረባዋ ታማ ቀረችና ያው እንደ ልማዷ ሠርታ አደረች። ሮይ በዝናቡ ውስጥ በባጃጁ አውቶብስ ተራ አደረሳት። "ዛሬ ታልፊያለሽ፣ ፊትሽ ላይ አያለሁ" አላት፤ ፊቷ ላይ ከዓይን ሥር ጥቁረት በቀር ምንም አልነበረም።

የፈተናውን ወረቀት ገለጠች። ጎማ!

ከዛፉ ጀምሮ ተስሏል። ቅርፊቱ ይቀደዳል፣ ወተቱ ወደ ጽዋው ይወርዳል፣ ይጠለላል፣ በአሲድ ይረጋል፣ በመጭመቂያ ማሽን አልፎ እንደ ቁርበት ይዘረጋል፣ በጭስ ቤት ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ መኪና ላይ ይጫናል። ጂንሲ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አባቷ ኩርያኮስ ዕድሜ ልካቸውን የሠሩት ሥራ ነው! እሷም ብትሆን ያደገችው በዚያ ጭስ ቤት ደጃፍ፣ የረጋውን ወተት በመዳፏ እየተጫነች ነው። ድካሟ ሁሉ ለጥቂት ደቂቃ ከላይዋ ላይ የወረደ መሰላት።

ደስ እያላት ጻፈች፣ ጻፈችና መጭመቂያው ጋ ስትደርስ ቆመች። ቀስቱ ከመጭመቂያው ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ጭስ ቤት ይገባል። እንዴ! ውኃው ሳይንጠፈጠፍ? ኩርያኮስ ከማንም ጎረቤት የሚለዩት በዚህ ነው። ከመጭመቂያው የወጣውን ቁርበት ጥላ ውስጥ ሰቅለው ውኃው ጠብ ማለቱን እስኪተው ይጠብቃሉ። እርጥቡን ጭስ ውስጥ ከከተቱት አረፋ ያወጣል፣ ይሻግታል፣ ገዢ ፊቱን ያዞርበታል። በዚህ ነገር ከታላቅ ወንድማቸው ጋር ሳይነጋገሩ ብዙ ክረምት አሳልፈዋል። ጂንሲም ልጅ ሳለች ለመጫወት ቸኩላ እርጥቡን ጭስ ቤት ሰቅላ፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስወርደዋታል።

እጇ አልታዘዝ አላት። ጥላውን ጻፈችው። ጥላውን ከጻፈች ምክንያቱን ጻፈች። ከዚያ ወደ ኋላ ተመለሰችና በረጋው ወተት ላይ የሚገፈፈውን አረፋ ጨመረች፤ አሲዱ ሲበዛ የሚሆነውንም፣ በዝናብ ጊዜ ጽዋው እንዴት እንደሚከደንም ጻፈች። እንዲህ ያለ እንግሊዝኛ ጽፋ አታውቅም። ቀና ስትል ጊዜው ከግማሽ በላይ ሄዷል። ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ከተማ መኪና መጨናነቅ ነበር። እየተጣደፈች ጀመረችው፣ መደምደሚያው ላይ ሳትደርስ ወረቀቱ ተሰበሰበ።

ሻጂ "ቀስቱ ሲቆም ቁሚ" ያላት ትዝ ያላት ስትመለስ አውቶብሱ ውስጥ ነው። ጭንቅላቷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ "ምን ነካኝ?" አለች። ተናደደች። ግን ያንን እርጥብ ጎማ ጭስ ቤት አስገብታ ዝም ማለት እንዴት ይቻል እንደነበር አሁንም አልገባትም።

አባቷ በረንዳ ላይ ቆመው ጠበቋት። ደክሟት ስለነበር ውሸት የምታበጅበት አቅም አላገኘችም።

"ምን መጣ?"

"ጎማ ነው የመጣው፣ ቻቻን።" አባቷን የምትጠራቸው "ቻቻን" ብላ ነው።

"ምን?"

"የጎማ አሠራር። ከዛፉ እስከ መኪናው።"

ኩርያኮስ ወንበሩን ይዘው ተቀመጡ። "የኛ ጎማ? እንግሊዞቹ?" እየሳቁ ሳል ጀመራቸው። "ጥላውስ? ጥላ ውስጥ መንጠፍጠፉ ነበረበት?"

"አልነበረበትም።"

"ድሮስ! አያውቁትማ! ዝም አልሻቸው ታዲያ?"

"ጻፍኩት፣ ቻቻን። ሁሉንም ጻፍኩት።"

"ጎበዝ! የኔ ልጅ! እንግዲህ ሻንጣሽን አዘጋጂ!"

በማግሥቱ ሻይ ቤቱ በሙሉ ሰምቷል። ኩርያኮስ ልጄን አየርላንድ የሚያደርሳት ጎማዬ ነው እያሉ፣ የጎማ ዋጋ ከወደቀ ወዲህ ቀና ብለው የማይሄዱት ሰውዬ አንገታቸው ተቃንቶ ሰነበተ። ወንድማቸው እንኳ ከማዶ ሆነው "እንኳን ደስ ያለህ" አሏቸው። ጂንሲ ይህንን ባየች ቁጥር መንገድ ትቀይራለች።

ውጤቱ በስልኳ የመጣው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሳለች ነው። ከጽሑፉ በቀር ሁሉንም አልፋለች። ጽሑፉ ላይ የጎደለው ግማሽ ነጥብም አይደለም፣ አንድ ሙሉ ነጥብ ነው። ከዚህ በፊት እንዲህ ወርዳ አታውቅም። ስልኩን ኪሷ ከትታ የአንድ ሽማግሌ ግሉኮስ ቀየረች። አየርላንዶቹ ያሉትን አደረጉ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ሮይ ወሬውን ሲሰማ "ይሁን፣ ባጃጁ አለ" አለና ፊቱን ሊታጠብ ወጣ፤ ሲታጠብ ብዙ ቆየ።

አባቷ ካሳቫውንና የዓሣ ወጡን አስቀርበው ሳይበሉ ይጠብቋት ነበር።

"ጎማው ስንት አመጣ?" አሉ ገና በሩ ላይ ሳለች።

ጂንሲ እጃቸውን አየች። ከአሲዱ ብዛት ጥፍራቸው ቀለሙን ከለቀቀ ቆይቷል።

"ጽሑፉን አለፍኩ፣ ቻቻን፣ በደንብ። የጣለኝ ማዳመጡ ነው።"

"ማዳመጡ!" ኩርያኮስ ረጅም ትንፋሽ አወጡ። አዘኑ፣ ግን ፊታቸው ላይ አንድ የተፈታ ነገር ነበር። "ብዬሽ ነበር፣ ጎማው አይጥልሽም። ማዳመጥ ደግሞ ምን ችግር አለው? ይለመዳል። ሌላ ሆስፒታል አይጠፋም።"

በማግሥቱ ጠዋት ጂንሲ ከሥራ ገባች፣ ልጇን ወደ ትምህርት ቤት ሸኘች፣ መጋረጃውን ዘጋችና ጋደም አለች። ገና ዓይኗን ከመክደኗ በሩ ተንኳኳ። ኩርያኮስ ከሻይ ቤቱ የለመኑትን የእንግሊዝኛ ጋዜጣ በብብታቸው ይዘው፣ መነጽራቸውን ሰክተው ገቡ። ወንበር ስበው ከራስጌዋ ተቀመጡ።

"አንቺ ተኚ፣ አትነሺ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ማዳመጥ ብቻ ነው። ዘንድሮ ማዳመጡን ልክ እናስገባዋለን።"

ማንበብ ጀመሩ። ከልጅነት ትምህርታቸው በተረፈቻቸው እንግሊዝኛ ስለ ድልድይ ጥገና፣ ስለ ቁንዶ በርበሬ ገበያ፣ ስለማያውቋቸው ሚኒስትሮች፣ እያንዳንዱን ቃል እየገነጣጠሉና እየጮኹ። ጂንሲ አባቷን የምታስቆምበት አንድ ቃል ነበራት፣ ማዳመጡንስ አልፌያለሁ የሚል፤ ያቺን ቃል ካወጣቻት ደግሞ የጣላት ጎማው መሆኑን ማንሳቷ አይቀርም።

"እየሰማሽ ነው?" አሉ ገጹን ሲገልጡ።

"እየሰማሁ ነው፣ ቻቻን" አለች፤ ዓይኗን ጨፍና።