ወንፊቴ የሰረዘቻቸው ሴቶች

ትናንት አርብ ከሰዓት በኋላ... በሕይወት ያሉ ሃያ ሦስት ሴቶችን ከእድር ማጥፋቴን ያወቅሁት፣ ሁሉም ራኩባው፣ የሣር ዳሱ፣ ጥላ ሥር ተሰብስበው እያሉ ነው።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እዚህ በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ ትምህርት ቤታችን የጦርነት ተፈናቃዮች መጠለያ ከሆነ ወዲህ ቤት ነው የምውለው። ከስምንተኛ ክፍል ነው የቀረሁት። ሰው ስለማፍር ግን ብዙም አልከፋኝም። አጎቴ በተወልን አሮጌ ላፕቶፕ፣ በዐረብኛ ቪዲዮ እየታገዝኩ ፓይተን ተማርኩ። ፓይተን ኮምፒውተር የሚታዘዝበት ቋንቋ ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ሲያናግሩት ዓይን ዓይን አያይም።

ቀስ በቀስ አንዲት ትንሽ ላይብረሪ ሠራሁ። ፓይተን የሚጽፉ ሰዎች አውርደው ከራሳቸው ሥራ ጋር የሚያያይዟት የፕሮግራም ቁራጭ ናት። በአማርኛ የተጻፈ የስም ዝርዝር ታጸዳለች። ባዶ መስመር ትጥላለች፣ በፊደል ተራ ትደረድራለች፣ የተደገመ ስም ትሰርዛለች... በቃ ይኸው ነው። ስሟን «ወንፊት» አልኳት። ኢንተርኔት ላይ ከጫንኳት ወዲህ አሥራ አንድ ጊዜ ወርዳለች። ዘጠኙ እኔ ነኝ።

እናቴ የሰፈራችን የሐበሻ ሴቶች እድር ጸሐፊ ናት። ሦስት ያረጁ ደብተሮች አሏት፤ የአንዲት ሴት ስም ሦስቱም ላይ ተጽፎ ይገኛል።

«አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ነገር ጋር ተፋጠሽ ከምትውዪ ይኸን አጥሪልኝ» አለችኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ ስሞቹን ወደ ላፕቶፑ ስገለብጥ ዋልኩ። ከዚያ ወንፊትን አዘዝኳት... በአንድ ትንፋሽ አለቀ! ገበያ ወስጄ አሳተምኩት። እናቴ ወረቀቱን እንደ ሕፃን አቅፋ ወደ ስብሰባው ሄደች። እኔም ሥራዬ ሲነበብ ለመስማት ተከትያት ሄጄ ከራኩባው ምሰሶ ኋላ ቆምኩ።

ስም ጥሪ ተጀመረ። በእኛ እድር ስሟ የተጠራ ሴት «አለሁ» ትላለች።

«ትርንጎ አለሙ!» አለች እናቴ።

«አለሁ» አሉ ሁለት ሴቶች በአንድ ላይ።

እናቴ ቀና አለች። «እዚህ ያለችው አንዲት ናት።»

«ታዲያ የሞትነው ማንኛችን ነን?» አለች አንደኛዋ፣ ጎረቤታችን የሰሚራ እናት። ሳቅ ሆነ።

«ፋጡማ መሐመድ!»

አምስት ሴቶች «አለሁ» አሉ። ሳቁ ባሰ። እኔ ግን ምሰሶው ኋላ ሆኜ ነገሩ ገባኝ።

ሁለተኛዋ ትርንጎ አልሳቁም። እትዬ ፋው ነው የምንላቸው፤ ፋው በሚባለው የእርሻ ቦታ ጥጥ ሲለቅሙ ብዙ ዓመት ስለኖሩ። ባል የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም፣ እዚህ አገር አንድ ዘመድ የላቸውም። ከእድራችን ስም የሚሰረዘው ደግሞ በሁለት ምክንያት ብቻ ነው። ወይ ሲሞቱ... ወይ ከቀብር እየቀሩ ሲባረሩ።

«ባለፈው ከቀብር የቀረሁት እግሬን አሞኝ ነው» አሉ። «ለዚህ ታባርሩኛላችሁ? ነገ ስሞት ማን ነው የሚያነሳኝ?»

ሳቁ ቆመ።

ሁላችንም ሐጃ ብለን የምንጠራቸው የእድሩ ሊቀመንበር በበትራቸው መሬቱን መቱ። «ማነው ያጠፋው?»

የእናቴ ዓይን ወደ ምሰሶው ሄደ።

«ያ ቢት! ነይ ወዲህ!» አሉኝ ሐጃ፤ በዐረብኛ «አንቺ ልጅ» ማለታቸው ነው።

በሕይወቴ ከሦስት ሰው በላይ ፊት ተናግሬ አላውቅም። «ወንፊቷ... የተደገመ ስም መስሏት... ነው» አልኩ።

«ወንፊት?» አለች ከፋጡማዎቹ አንዷ። «እኛ ገለባ ነን እንዴ?»

«ቆይ አንቺ» አሉ ሐጃ። «እነዚህ ሁሉ ሴቶች አዝለው ያሳደጉሽ አይደሉም ወይ? እንዴት አንድ ሰው መሰሉሽ?»

እኔ የማውቀው እትዬ ፋውን ነው፣ የሰሚራን እናት ነው። ትልቅ ሰው በስሙ አይጠራም፤ «ስምዎ ማነው?» ብሎ መጠየቅማ ጭራሽ ነውር ነው። ደብተሩ ላይ ትርንጎን ሳይ፣ ትርንጎ የምትባል አንዲት የማላውቃት ሴት አለች ብዬ ነው ያለፍኳት።

«ስማቸውን አላውቀውም» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

ሐጃ ጠጋ አሉኝ። «የኔንስ?»

አላውቅም ለማለት ራሴን ነቀነቅሁ።

«ፋጡማ መሐመድ ነኝ!»

የእድሩን ሊቀመንበር ሰርዣለሁ... ራኩባው እስኪነቃነቅ ነው የሳቁት። እናቴ ብቻ በነጠላዋ ተሸፈነች።

ላፕቶፑን አምጥቼ መሀላቸው ተቀመጥኩ። በምን እንደምለያቸው አንድ በአንድ ጠየቅኋቸው።

«ጻፊ፤ ፋጡማ መሐመድ፣ ቀጭኗ።»

«ኧረ የቱ ጋ ነው የቀጠንሽው?»

እንዲህ እየተባለ ሃያ ሦስቱም ተመለሱ። መጨረሻ ላይ እትዬ ፋው ጎንበስ ብለው «የኔን አንብቢው» አሉኝ። «ትርንጎ አለሙ፣ የፋው» ብዬ አነበብኩላቸው። «ድገሚው» አሉ። ደገምኩት።

ከስብሰባው መልስ ወንፊትን አስተካከልኳት። አሁን ሁለት አንድ ዓይነት ስም ስታገኝ አትሰርዝም። ቆም ብላ «አንድ ሰው ነው ወይስ ሁለት?» ብላ ትጠይቃለች። እኔ ሰው ስም መጠየቅ የማልደፍረው... ጠያቂ ላይብረሪ ሠራሁ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ፋው እግራቸውን እየጎተቱ ሲያልፉ አጥራችን ጋ ቆሙ።

«ልጄ... አለሁ?»

«አሉ፣ እትዬ።»

«እስቲ እዪው።»

ላፕቶፑን ከፍቼ አሳየኋቸው። ማንበብ ባይችሉም ትክ ብለው አዩት። ከገበያ ሲመለሱም ቆሙ። «አለሁ?»

በቀን ሁለቴ አጥሩ ጋ ቆሞ ሥራውን የሚፈትሽለት ተጠቃሚ ያለው ፕሮግራመር ካለ... እጁን ያውጣ።